የማጥኛ ስፍራ ጉዳይ፤ በወላይታ ሶዶ ለኮሌጅ ተማሪዎች ስለሚሰጠው ምክር የቀረበ ትችት

መግቢያ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ወደ ኮሌጅ ሲገባ ከሚቀበሉት ምክሮች መካከል አንዱ ሳይነገር አይታለፍም። ይኸውም «ጥሩ የማጥኛ ቦታ ፈልግ» የሚለው ነው። ምክሩ በሦስት ነገር ይዘረዘራል፤ ቦታው ጸጥ ያለ ይሁን፣ ብቻህን ሁንበት፣ ሁልጊዜም ከዚያው አትለይ ይባላል። መካሪዎቹ መምህራንም ሆኑ ቀደም ብለው የገቡ ተማሪዎች ይህን የሚናገሩት በቅን ልቡና እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ አንድ ምክር በቅን ልቡና መነገሩ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ምክር መርማሪ ስለማያገኝ ስሕተቱ እንደ ጥበብ ተቆጥሮ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል።

በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ ያሰብነው ይህንኑ ምክር በወላይታ፣ ይልቁንም በሶዶ ከተማ፣ ከሚታየው የተማሪ ኑሮ ጋር ማመሳከር ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ባጭሩ ብንገልጸው፣ የማጥኛ ስፍራ የሚባለው ተማሪው ብቻውን ፈልጎ የሚያገኘው ነገር አይደለም። ሌላ ሰው በር ሲከፍት፣ መብራት ሲያበራና ሰዓት ሲወስን ነው ስፍራ የሚሆነው። ስለዚህ ምክሩ ለተማሪው ብቻ ሲነገር፣ በሩን ለያዘው ሰው ግን ሳይነገር ሲቀር፣ የጉዳዩ ግማሽ ይጎድላል።

ጉዳዩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገሮችን እናሳስበዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ በመላ አገሪቱ የመውጫ ፈተና መሰጠት ተጀመረ፤ አራት ዓመት የተማረ ሰው በዚህ ፈተና ከመቶ 50 ካላገኘ ዲግሪውን አይቀበልም። እንግዲህ ተማሪው የሚያነብበት ወንበር፣ መብራትና ሰዓት የምቾት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዕድል ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ሀ. ተማሪው ከምን ዓይነት ቤት ይመጣል?

ወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1,501,112 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም በዞኑ 4,208 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲከፋፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እንደ ጨመረ የታወቀ ነው። የአንድ ቤተ ሰብ መሬት ጠባብ ነው፤ ቤቱ በእንሰት ተከብቦ ይቆማል፤ በቀድሞው ክብ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር፤ ዛሬም በገጠር ይህ ዓይነት ቤት አልጠፋም። በቤቱ መካከል ምድጃ አለ፤ ከምድጃውም ጢስ አለ። ቆርቆሮ ክዳን በበዛበት በአሁኑ ጊዜ እንኳ ለልጅ ማንበቢያ ተብሎ የተለየ ክፍል ያለው ቤት እጅግ ጥቂት ነው።

ከቢጠና፣ ከገሱባ፣ ከጠበላ፣ ከበሌ ወይም ከአረካና ከቦዲቲ ገጠር የሚመጣ ተማሪ ያደገው በዚህ ዓይነት ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሃ መቅዳት፣ ከብት ማገድ፣ ታናናሾቹን መጠበቅ ይጠብቀዋል። የሚያነበው በእንሰቱ ጓሮ፣ በመንገድ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር፣ ሲመሽም በኩራዝ ወይም በቅርብ ዓመታት በመጣው የፀሐይ ፋኖስ ብርሃን ነው። ይህ ተማሪ «ቋሚ ቦታ» የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። በሌላ በኩል ግን የከተማው ልጅ የሌለው አንድ ችሎታ አለው፤ ጫጫታ ባለበት፣ ሰው በሚመላለስበት፣ ብርሃን በሚያጥርበት ስፍራ ሐሳቡን ሰብስቦ መያዝ ይችላል።

ወደ ኮሌጅ ሲገባ የሚሰጠው ምክር ግን ይህን ችሎታ አይቆጥርለትም። በዛፍ ሥር ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡን እንደ ጉድለት ይቆጥርበታል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት የያዙትን ልማድ ይጥላሉ፤ አዲሱን ልማድ የሚለማመዱበት በቂ ወንበር ግን አያገኙም። እኛ እንደምናየው የመጀመሪያው ዓመት ድካም አንዱ ምንጭ ይህ በሁለት ልማድ መካከል መንጠልጠል ነው።

ለ. ስለ ጸጥታና ስለ ብቸኝነት

ምክሩ ጥናት ማለት ዝም ብሎ ብቻን ማንበብ እንደ ሆነ አድርጎ ይነሣል። በአገራችን የትምህርት ታሪክ ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ የሚጠናው ድምፅ ወጥቶ ነው። የዜማ ተማሪዎችም በአንድ ግቢ ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲያዜሙ አንዱ ሌላውን አይረብሸውም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ። የንባብ ትምህርት በቀን በብርሃን ይሰጣል፤ የቃል ትምህርት ግን ሲመሽ፣ መጽሐፍ ሊታይ በማይቻልበት ጨለማ፣ ከመምህሩ ወይም ከበላይ ተማሪ አፍ እየተቀበሉ ይጠናል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔውን ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ቅጽሩ ጥግ ይሄዳል፤ ሲጨርስ ተመልሶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርበዋል። እንግዲህ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ለብርሃን ጊዜ የብርሃንን ሥራ፣ ለጨለማ ጊዜ የጨለማን ሥራ፣ ለብቸኝነትም ለማኅበርም የየራሱን ሰዓት መድበው ነበር ማለት ነው።

በወላይታም ንባብ የተስፋፋበት መንገድ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ሶዶ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ በ1937 ከአገር ተባረሩ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ምእመናኑ ራሳቸው በየአጥቢያው እየተሰበሰቡ አንዱ ያነብባል፣ ሌሎቹም ይሰማሉ፣ ይደግሙማል። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜም ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ጎልማሶች በዛፍ ጥላና በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበው ፊደል ቆጠሩ፤ በየገጠሩም የንባብ ክፍሎች እንዲቋቋሙ ተደርጎ ነበር። በሁሉም ዘንድ ንባብ የማኅበር ሥራ ነበረ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች የማታ ጥናት የሚባለውን ሰዓት እናውቀዋለን። ደወል ይደወላል፤ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል፤ ተቈጣጣሪ ይቆማል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ትንፍሽ የሚል የለም። ይህ ሥርዓት ጥቅም አለው፤ ተማሪው ቦታ ፍለጋ ጊዜውን አያባክንም፤ ወንበሩና መብራቱ ይጠብቁታል። ጉድለቱ ደግሞ ያልገባህን ነገር ከጎንህ ያለውን ጓደኛህን ለመጠየቅ አለመፈቀዱ ነው። ደወሉ እንደገና ተደውሎ ወደ መኝታ ቤት ስንሄድ ነበር አንዱ ለሌላው በሹክሹክታ ሒሳብ የሚያስረዳው። ብዙዎቻችን በሒሳብ ያለፍነው በዚያ ሹክሹክታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ኮሌጆቻችን ከዚህ ሥርዓት ዝምታውን ወስደው የተረጋገጠውን ወንበር ትተውታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት በመጣ ጊዜ ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተከፍለው እንዲረዳዱ ታዘዘ። የስም ዝርዝር ተዘጋጀ፤ የቡድን መሪ ተመረጠ። አምስቱ ተማሪዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ክፍል ግን አብሮ አልታሰበም። ቤተ መጻሕፍቱ ንግግርን ይከለክላል፤ መኝታ ክፍሉ ሌሎች የተኙበት ነው፤ የመማሪያ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ቡድኑ በወረቀት ላይ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ዝምታን የሚጠብቅ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን አንቃወምም፤ ዝምታ ለሚያስፈልገው ሥራ ዝምታ ይጠበቅ። የምንቃወመው ዝም የሚባልበት ቤት ብቻ ተሠርቶ የሚነጋገሩበት ቤት መረሳቱን ነው።

ሐ. ስለ ሰዓትና ስለ ብርሃን

ስፍራ ያለ ሰዓት ትርጉም የለውም። ይህን ለማስረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀንዋ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይለዋወጥም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁልጊዜ ይጨልማል። ተማሪው ከትምህርት የሚወጣው 11 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ እራት በልቶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ በቀን ብርሃን ሊያነብ የሚችለው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ የተማሪ ጥናት በአብዛኛው የሌሊት ሥራ ነው። የሌሊት ሥራ ከሆነ ደግሞ ቁም ነገሩ የሕንጻው ማማር መሆኑ ቀርቶ በሩ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ይሆናል፣ መብራትስ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ይሆናል።

በዛፍ ሥር ማንበብም ቢሆን ወቅት አለው። በወላይታ የበልግ ዝናብ አለ፤ የክረምትም ዝናብ አለ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ደመናዋና ብርዷ የታወቀ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚቃረበው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ስለሆነ፣ በመስክና በቅጽር ይነበብ የነበረው ሁሉ ልክ ፈተና ሲደርስ ወደ ቤት ይገባል። ወንበር የሚጠበውም ያን ጊዜ ነው።

ስለ መብራት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በሚፈሰው በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። የአገሪቱን ከተሞች የሚያበራ ኃይል ከዚሁ ደጃፍ ይነሣል። ግድቡ ቅርብ መሆኑ ግን ተማሪው በሚያነብበት ክፍል መብራት እንደማይጠፋ ዋስትና አይሰጥም፤ ኃይል ከማመንጫው እስከ አምፖሉ ድረስ ብዙ ምሰሶ፣ ብዙ ሽቦና ብዙ ጠጋኝ ይፈልጋልና። ኮሌጅ ጄኔሬተር ሲኖረው ደግሞ መጀመሪያ የሚበራው የትኛው ክፍል ነው የሚለው የአስተዳደር ውሳኔ ነው። እኛ ቢጠይቁን የማጥኛው ክፍል ከቢሮው ይቅደም እንላለን፤ ቢሮው በሌሊት ሠራተኛ የለበትምና።

በዘመናችን ብርሃን ብቻም አይበቃም። የመምህራን ማስታወሻ ብዙ ጊዜ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ ይላካል። ስልኩ የተዘጋበት ተማሪ መጽሐፉ እንደ ተወሰደበት ይቆጠራል። ስለዚህ ሶኬት የሌለው የማጥኛ ክፍል ግማሹ የጎደለ ነው። እንዲሁም በብዙ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳና የግል መጽሐፍ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ምክንያቱ መጽሐፍ እንዳይሰረቅ ነው፤ ምክንያቱንም አንንቅም። ነገር ግን ተማሪው የራሱን ደብተርና ከጓደኛው የተዋሰውን መጽሐፍ ይዞ ሊገባ ካልቻለ፣ ቤቱ የመጽሐፍ መጠበቂያ ነው እንጂ የማጥኛ ስፍራ አይደለም። ሲወጡ መፈተሽ እየተቻለ ሲገቡ መከልከል ለጠባቂው ቀላል፣ ለተማሪው ግን ከባድ የሆነ ዘዴ ነው።

መ. ስለ መመለሻ መንገድ

ምክሩ ፈጽሞ የማያነሣው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መመለሻው ነው። ለወንድ ተማሪ የማጥኛ ስፍራ ከወንበሩ ላይ ይጀምርና በሩ ላይ ያልቅ ይሆናል። ለሴት ተማሪ ግን እስከ መኝታዋ ያለው መንገድ ሁሉ የስፍራው ክፍል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ መኝታው ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ ለእርሷ በሩ የተዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት ለሁለቱም አንድ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሴትዮዋ በየሌሊቱ አራት ሰዓት ታጣለች። ይህ በሳምንት ስንት፣ በአራት ዓመትስ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። ከዚያ በኋላ «የሴቶች ውጤት ለምን ዝቅ አለ?» ብሎ ጥናት ከማድረግ አስቀድሞ የመንገዱን አምፖል መቍጠር ይገባል።

በከተማ ክፍል ተከራይተው የሚማሩም እንዲሁ ናቸው። በማታና በቅዳሜ እሑድ የሚማሩ፣ ቀን ሠርተው የሚያድሩ ብዙ ተማሪዎች አሉ። የኪራይ ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ ለሁለት ለሦስት ይከራዩታል፤ መብራት አበዛችሁ የሚል አከራይም አይጠፋም። ወደ ሻይ ቤት ቢሄዱ ቴሌቪዥን አለ፤ ኳስ በሚታይበት ምሽትም ማንበብ አይታሰብም፤ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥም ያሳፍራል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የሚያነቡት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የኦርቶዶክስ ቅጽርም ሆነ የቃለ ሕይወትና የካቶሊክ ግቢ፣ ዛፍና ጸጥታ ስላለው፣ ጠባቂም ስላለው፣ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠን ልጅ የሚያባርር ስለሌለ፣ ሳይሰየም የማጥኛ ስፍራ ሆኖ ያገለግላል። ኮሌጆቻችን ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። በእነዚያ ግቢዎች ተማሪውን የሳበው ፈቃድ ነው፤ ወንበር እንኳ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሠ. ስለ ታላላቅ ሕንጻዎች

ስለ ማጥኛ ስፍራ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው ስለ ትልቅ ሕንጻ ያስባል። በአገራችን ታላላቆቹ በአዲስ አበባ ናቸው። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ይዞታው በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በአራት ኪሎ ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እኛን የሚያስገርመን የገነተ ልዑል ነገር ነው። በዚያ አዲስ ሕንጻ አልተጠበቀም፤ ንጉሥ የሚኖርበት ቤት በአንድ ውሳኔ ተማሪ የሚያነብበት ቤት ሆነ። ቁም ነገሩ ጡብ ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አናገኝም።

ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለሶዶ ተማሪ አብርሆት በቴሌቪዥን የሚታይ ቤት ነው። በከተማው ግን ስፍራ የለም ማለት አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በጋንዳባና በኦቶና ግቢዎች፣ ከዚያም ወዲያ በዳውሮ ታርጫ፣ ብዙ ሕንጻ ተሠርቷል። የግብርና ኮሌጅ አለ፤ የግል ኮሌጆች አሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከተማይቱም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ስትሆን የቢሮና የአዳራሽ ቁጥር አድጓል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ በቀን የሚሠራበት፣ በሌሊት የሚቆለፍ ክፍል ስንት ነው? ይህን የቈጠረ ሰው ስለ አዲስ ሕንጻ እጥረት ከመናገሩ በፊት ስለ ቁልፍ ይናገራል።

ረ. ለሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ነው። ፈቃድ ያለው ተማሪ የትም ያጠናል፣ አባቶቻችን በኩራዝ አንብበው ዶክተርና ሚኒስትር ሆነዋል ይባላል። ይህ አነጋገር ያለፉትን ይቈጥራል እንጂ የወደቁትን አይቈጥርም። በኩራዝ አንብቦ ያለፈውን አንድ ሰው በስሙ እናውቀዋለን፤ በኩራዝ አንብበው ዓይናቸው የደከመውንና ወደ እርሻ የተመለሱትን ግን ማንም አልመዘገባቸውም። ደግሞም የጽናት ምስጋና ለጸናው ሰው የሚሰጥ ነው፤ መብራቱን ላላበራው ሰው ማመካኛ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ክፍል በሌሊት መክፈት ጠባቂ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈጃል፣ ወንበር ይሰበራል ይባላል። ይህ ተቃውሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው። እኛም ሁሉም ክፍል ሌሊቱን ሁሉ ይከፈት አንልም። ነገር ግን ጠባቂው ለተቆለፈውም ክፍል ደመወዝ ይቀበላል። አምስት ክፍል ከመክፈት ይልቅ በአንድ ሕንጻ ሁለት ክፍል ከፍቶ አንድ ጠባቂ ማቆም ይቻላል። ተማሪዎችም በተራ ኃላፊነት ሊወስዱ፣ ስማቸውን በመዝገብ ሊያሰፍሩ፣ የተሰበረውንም ሊጠግኑ ይችላሉ። በወላይታ ሰዎች በደቦ ቤት ይሠራሉ፣ እርሻ ያርሳሉ፤ የዚህ አገር ልጅ ክፍል ጠብቅ ቢባል አያቅተውም።

ሰ. እንግዲህ ምን ይደረግ?

ትችት መፍትሔ ካልጠቈመ ጉርምርምታ ሆኖ ስለሚቀር፣ ለሁለቱም ወገን ያለንን ሐሳብ እናቀርባለን።

ለተማሪው የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ስፍራ ስትመርጥ በምታነብበት ሰዓት ሄደህ እየው። በቀን 9 ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል ከምሽቱ 2 ሰዓት ገበያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ስፍራ አይበቃህም፤ ለማንበብ አንድ፣ ከጓደኛ ጋር ለመነጋገር ሌላ አዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ሥራህን ለብርሃኑ አስማማ። ብርሃን ሳለ አዲስ ነገር አንብብ፣ ጻፍ፣ ሒሳብ ሥራ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደብተሩን ዘግተህ ያነበብከውን ለጓደኛህ በቃል አስረዳ፣ እርሱም ያስረዳህ። የቃል ተማሪዎች በጨለማ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ያነበቡትን ሳያዩ መናገር ለፈተና ከሚጠቅሙ ልማዶች ዋነኛው ነው። አራተኛ፣ ስትሄድ መመለሻህን አስብ፤ አብሮህ የሚመለስ ሰው ይኑር፤ እኅቶችህም ብቻቸውን እንዳይመለሱ ጠብቅ። አምስተኛ፣ በአገር ቤት ሳለህ ያዳበርከውን በጫጫታ መካከል የማንበብ ችሎታ አትናቀው፤ መኪና ስትጠብቅ፣ ሰልፍ ላይ ስትቆም ያገለግልሃል።

ለኮሌጅ አስተዳዳሪዎችና ለመምህራን የምንለው ደግሞ ይህ ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የትኛው ክፍል ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የተለጠፈውም ይፈጸም። ከክፍሎቹ አንዱ ለንግግር ይፈቀድ። ፈተና በሚቃረብበት ወር ሰዓቱ ይራዘም። የራስን መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀድ፤ ፍተሻው ሲወጡ ይሁን። ከማጥኛው እስከ ሴቶች መኝታ ያለው መንገድ መብራት ይተከልበት፤ መብራቱ እስኪተከል ድረስ ጠባቂ ይመደብለት። መምህራንም የተማሪን ውጤት ሲመዝኑ ያ ተማሪ ያነበበው የት እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ይጠይቁ። መልሱ ስለ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ኮሌጁም ብዙ ይነግራቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድ እንኳ የለም ለማለት እንደፍራለን፤ የመንገዱ መብራት ብቻ ጥቂት ወጪ ያስከትል ይሆናል። ቀሪው የቁልፍ፣ የሰዓትና የመዝገብ ሥራ ነው። በመጪው መስከረም ከቢጠና ወይም ከገሱባ የሚመጣው አዲስ ተማሪ «ጥሩ የማጥኛ ቦታ ፈልግ» ሲባል «የት ነው ያለው? እስከ ስንት ሰዓትስ ይከፈታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ የክፍል ቍጥርና ሰዓት ጠቅሶ ሊመልስ የሚችል መካሪ ብቻ ምክሩን ለመናገር መብት አለው ብለን እናምናለን።